የነርሷ ጎማ

መጋረጃ ሰፊዋ ብስክሌት መንዳት የተማረችው እድሜዋ አርባን ከተሻገረ በኋላ ነው። ያስተማራትም ታናሽ ወንድሟ ነበር። እናታቸው ሲሞቱ እሱ ገና የወተት ጥርሱን እየነቀለ ስለነበር ያሳደገችው እሷ ናት፤ አጥባና አልብሳ፣ ትምህርት ቤት አድርሳ፣ ሲያተኩሰው ግንባሩን ዳብሳ። እሱም ጎረምሳ ሆኖ፣ ሊፍት መጠገን ተምሮ ሥራ ይዞ፣ ከጆሮው በላይ ሽበት ጣል ጣል ማድረግ ሲጀምር እንኳ ከእሷ ቤት አልወጣም። እሷ ዛሬም "ማሙሽ" ትለዋለች። እሱ ደግሞ "እታለም" ይላታል።

አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ሁለት ብስክሌት በግራና በቀኝ እየገፋ መጣ።

"ይሄ የማነው?" አለችው በር ላይ ቆማ።

"ያንቺ ነዋ። ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናው ላይ ተደፍተሽ ጀርባሽ ቀስት ሊሆን ምንም አልቀረው።"

"በዚህ እድሜዬ? ሰው ምን ይለኛል?"

"ሰውማ ከወደቅሽ 'እኔን' ይላል፤ ካልወደቅሽ ዝም ይላል።"

ወደቀች እንጂ። ጉልበቷም ተላጠ፣ ክርኗም ቆሰለ፣ ሰውም "እኔን" አላት። ክረምቱ ሳይገባ ግን ወንድሟን ተከትላ ከከተማው ዳር ደርሳ መመለስ ቻለች። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ጠዋት የብስክሌት ቀን ሆነ።

ብስክሌቱን የመረጠው እሱ ስለሆነ ሁሉ ነገሩ እሱ እንደሚወደው ነበር። ቀላል፣ መሪው ወደ ታች የታጠፈ፣ ጎማው ሃያ ሦስት ሚሊ ብቻ የሆነ፣ ከአውራ ጣት ብዙም የማይወፍር። "ቀጭን ጎማ ይሮጣል" ይል ነበር። ከቤት ከመውጣታቸው በፊት መንፊያውን ይዞ ቁጭ ብድግ እያለ ይሞላና ጎማውን በጥፍሩ መታ መታ ያደርገዋል። "ድንጋይ ካልሆነ ንፋስ አልሞላም በይ" ይላታል። እሷም አሜን ብላ ተቀበለች፤ ስለ ብስክሌት እሱ ያለው ሁሉ ለእሷ ሕግ ነበር።

ሲነዱ እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ነበሩ። መንገዱን የሚያየው እሱ ነው። "ጉድጓድ በቀኝ!" ይላል፣ ትታጠፋለች። "ብርጭቆ!" ይላል፣ ዞር ትላለች። "ውሻ!" ይላል፣ ፍሬን ትይዛለች። እሷ የምታየው ጀርባውን ብቻ ነበር፤ ሸሚዙ ላይ ቀስ እያለ የሚሰፋውን የላብ ክብ። ይኼም ይበቃት ነበር። ከዚያ በላይ ደስታ ለማኝ አልነበረችም።

ታዲያ አንድ ቀን ወንድሟ በአንድ ትልቅ ሕንፃ ሊፍት ውስጥ የተቆለፈባትን ሴት አወጣ። ሴትዮዋ የጂኦግራፊ መምህርት ነበረች፤ ለስብሰባ ከሌላ ከተማ የመጣች። ከሊፍት አውጥቶ ትዳር ውስጥ ከተታት ብለው የሥራ ባልደረቦቹ ሳቁበት። ነገሩ እስኪያልቅ ግን ቀላል አልነበረም። መምህርቷ ያለችበት ከተማ በአውቶቡስ አንድ ቀን ያስኬዳል፤ ሥራዋም አሮጊት እናቷም እዚያ ናቸው። ወንድሟ "እታለምን ለማን ትቼ?" እያለ ዛሬ ነገ ሲል ሰነበተ። በመጨረሻ መጋረጃ ሰፊዋ ራሷ ሻንጣውን አወረደችና አልጋው ላይ ከፈተችው።

"ማሙሽ፣ እኔ እቃ አይደለሁም፣ ጥለኸኝ ሄድክ አይባልም። ቤቴ ነው ያለሁት። ሂድ።"

ሄደ። አውቶቡሱ ላይ ሊወጣ ሲል አንገቷን አቅፎ "ብቻሽን እንዳትነጂ" አላት። "እሺ" አለችው።

የመጀመሪያው እሁድ ስልክ ሲደወል ጠረጴዛዋ ላይ የዓይን ክሊኒክ መጋረጃ ተዘርግቶ ነበር፤ አልጋና አልጋ የሚለየው ዓይነት፣ ቀለሙ የደበዘዘ አረንጓዴ። ወንድሟ ስለ አዲሱ ቤት፣ ስለ አማቱ፣ ስለ አዲሱ መሥሪያ ቤት ሊፍቶች ነገራትና "ትናንት ነዳሽ?" አላት።

"ነዳሁ።"

"ብቻሽን?"

ድምፁ እዚህ ላይ ተሰበረ። ልጅ እያለ ትኩሳት ይዞት "አትሂጂብኝ" ሲላት የነበረው ድምፅ ነው። መጋረጃ ሰፊዋ ዓይኗ አረንጓዴው ጨርቅ ላይ እንዳለ "ኧረ ከሰው ጋር ነው" አለች።

"ከማን?"

"ከአንዲት ነርስ።"

እንዲህ ነው ነርሷ የተወለደችው።

ውሸት ልጅ ነው፤ ከተወለደ ማብላትና ማልበስ ይፈልጋል። በሚቀጥለው እሁድ ወንድሟ ስለ ነርሷ ጠየቀ፤ መልስ መስጠት ግድ ሆነ። ነርሷ ሳቋ ትልቅ ነው አለችው፤ ሳቁን የወሰደችው አውቶቡስ ውስጥ ከሰማቻት ሴት ነበር። ነርሷ ውሻ ትፈራለች። ነርሷ ቅቅል እንቁላል በኪሷ ይዛ ትመጣና መንገድ ዳር ቁጭ ብላ ትልጣለች። እጇ የልጅ እጅ ነው የሚያክለው፣ ፍሬኑን ለመያዝ እንኳ ይቸገራል። መምህርቷ ስልኩን ከባሏ ተቀብላ "ነርሷን ሰላም በይልኝ፣ በጣም ነው የወደድኳት" ትላለች። ወንድሟም ይስቃል። ድምፁ መሰበሩን ተወ። መጋረጃ ሰፊዋም "እሰይ፣ ቀለለው" ትልና ስልኩን ዘግታ ጸጥ ያለ ቤቷ ውስጥ ትቀመጣለች።

እውነቱ ሌላ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻዋን ትወጣለች። እንደለመደችው ጎማውን ድንጋይ እስኪያክል ትነፋለች፣ እንደለመደችው አቀርቅራ ትነዳለች። አሁን ግን ከፊቷ ጀርባ የለም። ጉድጓዱን የምታውቀው ከገባችበት በኋላ ነው። የአስፋልቱ ስንጥቅ ሁሉ በቀጭኑ ጎማ አልፎ፣ በቸርኬው አልፎ፣ በመሪው ወጥቶ መዳፏ ውስጥ ይገባል። ቤት ስትመለስ ቀለበት ጣቷና ትንሿ ጣቷ ደንዝዘው ይቆያሉ። መጀመሪያ እስከ ምሳ ነበር፤ በኋላ እስከ ማግስቱ ሆነ። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቃታት። አንድ ቀን የሙሽራ ቤት ነጭ ስስ መጋረጃ እየጠለፈች ጣቷን ስትወጋ አልተሰማትም፤ ያወቀችው ጨርቁ ላይ ቀይ ነጥብ ስታይ ነው። "እርጅና መጣ" አለች ለራሷ። የሚሰማት ስለሌለ ማንም "ገና ነሽ" አላላትም።

አንድ ቅዳሜ ደግሞ ከገበያ አዳራሹ ጀርባ ባለው ቁልቁለት ላይ የተሰበረ ብርጭቆ ነበር። "ብርጭቆ!" የሚል ሰው ግን አልነበረም። ጎማው እንደ ድመት ፍስስ አለና ተኛ። ብስክሌቱን እየገፋች ሄደች ሄደችና አንድ ጎሚስታ አገኘች፤ በጥቁር ቀለም የተቀባ የመኪና ጎማ በሩ ላይ የሰቀለ፣ ውስጡ ግን ከመኪና ይልቅ ብስክሌት የሚበዛበት። ጎሚስታው ስልሳን የተጠጋ፣ መነጽሩን በገመድ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ወፍራም ሰውዬ ነበር።

ጎማውን ፈትቶ በመዳፉ ዳበሰና ቀና ብሎ አያት። "ውድድር ነው እህቴ?"

"የምን ውድድር ጋሼ?"

"ይሄ እኮ የተወዳዳሪ ጎማ ነው። ያኛው ደግሞ" አለና ያልተነፈሰውን የፊት ጎማ በጣቱ ተጫነው፤ ጣቱ ምንም አልገባም። "ይሄ ጎማ ነው መዶሻ? እጅሽን አያደነዝዝሽም?"

እጇን ከኋላዋ ደበቀች። "ወንድሜ ነው የመረጠልኝ። ቀጭን ጎማ ይሮጣል ብሎ።"

"ልክ ነው፣ ለሚሮጥ ሰው። አንቺ ወዴት ነው የምትሮጪው? የሚጠብቅሽ ሰው አለ?"

ጎሚስታው የጠየቀው ስለ ጎማ ነበር፤ ሌላ ምንም አላሰበም። እሷ ግን ፊቷን ከጎማው አዞረች። ግድግዳው ላይ የተንጠለጠሉትን ሰንሰለቶች እያየች "የለም" አለች።

"እንግዲያማ" አለ ጎሚስታው። ከመደርደሪያ ጎማዎች አውርዶ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠ። "ይሄ ያንቺ ነው፣ ሃያ ሦስት። ይሄ ሃያ አምስት፤ መወሰን የፈራ ሰው የሚገዛው። ይሄ ሃያ ስምንት። ያ ወፍራሙ ሠላሳ ሁለት ነው። እንዳንቺ ቅዳሜ ንፋስ ልቀበል ብሎ ለሚወጣ ሰው እኔ ሠላሳ ሁለቱን ነበር የምሰጠው።" መነጽሩን አድርጎ ብስክሌቱ ላይ አጎነበሰ፤ በፍሬኑና በጎማው መካከል ያለውን ክፍተት በትንሿ ጣቱ ለካ። "ያንቺው ግን ጠባብ ሆኖ ነው የተሠራው። ሠላሳ ሁለቱ ይፋተጋል። ሃያ ስምንቱ ይገባል።"

"ሰፊው አይከብድም? አይዘገይም?"

"ብዙዎቹ እንደሱ ይላሉ። እንደ መስታወት በለሰለሰ መንገድ ላይ እንኳ ለእኔና ላንቺ ልዩነቱ አይታወቀንም። እንዲህ በተቦጫጨቀው መንገዳችን ላይ ደግሞ ቀጭኑ ይዘላል እንጂ አይሮጥም። ሲዘል ወደ ላይ ነው የሚሄደው፤ አንቺ ወደፊት ነው መሄድ የምትፈልጊው። ሰፊውን ስታስገቢ ንፋሱን ትቀንሺለታለሽ፤ በአውራ ጣትሽ ስትጫኚው ትንሽ እሺ ማለት አለበት። ያኔ ድንጋዩን ጎማው ይጠጣዋል። አሁን የሚጠጣው እጅሽ ነው።"

መጋረጃ ሰፊዋ ሃያ ስምንቱን አንስታ ዳበሰችው። ደስ ይላል። ግን ወንድሟ የገጠመውን አንድ ነገር ከብስክሌቷ ላይ ነቅላ መጣል፣ ከግድግዳ ላይ ፎቶውን የማውረድ ያህል ከበዳት። "ላስብበት" አለች። ጎሚስታው ትከሻውን ነቀነቀና የፈነዳውን ጠግኖ ሸኛት።

በማግስቱ ወንድሟ ሲደውል ነገሩን ወዲያና ወዲህ አድርጋ አነሳችው። "ማሙሽ፣ ጎማዬን ትንሽ ሰፋ ባደርገው ምን ይመስልሃል?"

"ሰፋ? ምን በወጣሽ! የነርሷ ስንት ነው?"

ይህን አላሰበችበትም ነበር። "ሃያ ስምንት" አለች፣ ከአፏ ወጣ።

"ሃያ ስምንት!" ወንድሟ ከት ብሎ ሳቀ። "ለዚህ ነዋ እንቁላል ለመላጥ ጊዜ የምታገኘው። ጋሪ እኮ ነው የምትነዳው።"

"እሷማ ደልቷታል" አለች መጋረጃ ሰፊዋ። "እጇን አያማትም።"

ይህን ስትል ደነገጠች። በሌለች ሴት ቀንታ ነበር። ደግሞ ስልኩ ያን ቀን ቶሎ አለቀ። ሰሞኑን ሁሉ ቶሎ እያለቀ ነበር፤ መጀመሪያ ሰሞን ሻይዋ እስኪቀዘቅዝ ያወሩ ነበር፣ አሁን ግን "በሉ እንግዲህ ተጫወቱ፣ ነርሷን ሰላም በያት" ብሎ ይዘጋል። ሥራ በዝቶበት ነው ትላለች። ትዳር ነው፣ ቤተሰብ ነው ትላለች።

ሰኞ ማታ ጣቶቿ አሁንም ደንዝዘው መቀሱን ከእጇ ጣሉት። ማክሰኞ ጠዋት ብስክሌቷን ይዛ ጎሚስታው ጋ ሄደች።

ሃያ ስምንቱ ሲገባ ከፍሬኑ ሥር ለጥቂት አለፈ። የዚያን ሳምንት ቅዳሜ ስትወጣ የለመደችው መንገድ የት እንደሄደ ግራ ገባት። ያው ስንጥቅ፣ ያው ጉድጓድ ነው፤ ግን የሆነ ሰው ሥሩ ፍራሽ ያነጠፈበት ይመስል ነበር። ትከሻዋ ወረደ። መሪውን አንቃ መያዟን ተወች። በቀጭኑ ጎማ ደፍራ የማታውቀው፣ በወንዙ ዳር የሚሄድ የጠጠር መንገድ ነበር፤ ገባችበት፤ ጎማው እየተንሿሿ ወሰዳት። እጇ አልደነዘዘም።

ይሁን እንጂ ሌላ ነገር መጣባት። ከዚህ በፊት አቀርቅራ ነበር የምትነዳው፤ መጀመሪያ የወንድሟን ጀርባ፣ ቀጥሎ ጉድጓዱን እያየች። አሁን ቀና ማለት ቻለች። ቀና ስትል ደግሞ የሚታየው ሰው ነው። በረንዳ ላይ ፀጉሯን ልጇ የምታበጥርላት ሴትዮ። ምንጣፍ በሁለት ጫፍ ይዘው የሚያራግፉ ባልና ሚስት። ወንዙ ዳር በአንድ ጋዜጣ ሁለት ሆነው የሚከራከሩ ሽማግሌዎች። ሁሉም ቢያንስ ሁለት ናቸው። እጇ ዳነ፤ ቤቷ ስትደርስ ግን አንድ ኩባያ አጥባ አንድ ኩባያ ስታስቀምጥ፣ ከዚያ በፊት ያልተሰማት ነገር ተሰማት። ድንዛዜ ለካ አንዳንዴ ይጠቅማል።

ወራት አለፉ። አንድ እሁድ ወንድሟ "እመጣለሁ" አለ። "ሚስቴ ፈተና እያረመች ነው፣ ብቻዬን ነኝ። ብስክሌቴን ይዤ እመጣለሁ። ቅዳሜ ሦስታችን እንነዳለን።"

"ሦስታችን?"

"እኔ፣ አንቺና ነርሷ ነዋ!"

አርብ ከሰዓት መጣ። ወፍሯል፣ አምሮበታል። ቤቱን እንደ ልጅ እየዞረ አየ፤ የድሮ አልጋውን ተጫነው፣ ድስቱን ከፍቶ አሸተተ። ከዚያ ብስክሌቷ ጋ ሄደና ጎማውን ጨመቅ አደረገ። "እታለም፣ ይሄ ተንፍሷል።"

"አልተነፈሰም። እንደዚህ ነው የሚሆነው።"

አጎንብሶ ጎኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አነበበ። "ሃያ ስምንት! ነርሷ ናት ያሳተችሽ አይደል?"

"አዎ" አለች።

ወንድሟ ሳቀ እንጂ አልተቆጣም። ከቦርሳው በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አወጣ። "ይሄን ደግሞ ሚስቴ ናት የላከችው። ለነርሷ ነው። እጇ ትንሽ ነው ብለሽን አልነበር? የልጆች ዕቃ መሸጫ ሄዳ ነው ያገኘችው።" የብስክሌት ጓንት ነበር፤ ሰማያዊ፣ መዳፉ ላይ ስፖንጅ ያለው። መጋረጃ ሰፊዋ ተቀበለችው። "እግዜር ይስጣት" አለችና ወደ ማድ ቤት ገባች።

ቅዳሜ ጠዋት ከድልድዩ አጠገብ ካለች ኪዮስክ ፊት ቆሙ። ከነርሷ ጋር የምንገናኘው እዚህ ነው ብላው ታውቃለች፤ ስለዚህ እዚያው ቆሙ። ወንድሟ የመንገዱን ግራና ቀኝ ያያል። ብስክሌት በመጣ ቁጥር "ይቺ ናት?" ይላል። እሷ አይደለችም በሚል ራሷን ትነቀንቃለች። ኪዮስኩ ውስጥ ያለችው ሴት ሁለት ጊዜ "ምን ልስጣችሁ?" ብላ ጠየቀች። ፀሐይዋ ከፍ አለች።

"ደውይላት እንጂ" አለ ወንድሟ።

"አታነሳም።"

"ለምን? አሟት ነው?"

"ማሙሽ" አለች። "የለችም።"

ወንድሟ ቀስ ብሎ የራስ ቁሩን ፈታና አወለቀው። ፊቱ ተለወጠ። "መቼ?" አላት በሹክሹክታ።

መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ገባት። "የለችም" ሲባል ሰው ምን እንደሚሰማ ዘንግታው ነበር። እውነቱን ለመናገር አፏን ከፈተች፤ እሱ ግን ብስክሌቱን ለቆ አቅፏት ነበር። "ነፍስ ይማር፣ ነፍስ ይማር እታለም። ለዚህ ነው ትናንት እንደዚያ የሆንሽው። ምነው ሳትነግሪኝ?" ድምፁ ያ የድሮው ተሰባሪ ድምፅ ነበር። ሰው ካቀፋት ስንት ጊዜዋ ነው። ግንባሯን ትከሻው ላይ አደረገችና ማልቀስ ጀመረች፤ ከልቧ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ። ያችን በትልቁ የምትስቅ፣ ውሻ የምትፈራ፣ እንቁላል የምትልጥ ሴት በእውነት አጥታታለችና። የኪዮስኳ ሴት አንድ ጠርሙስ ውሃ ይዛ ወጣችና "አይዞሽ፣ እግዜር ያጽናሽ" አለቻት። ውሸቱን ያመነ ሌላ ሰው ተጨመረ።

"እንመለስ?" አለ ወንድሟ።

"አይ፣ እንንዳ።"

እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ሆኑ። "ጉድጓድ በቀኝ!" አለ። "ብርጭቆ!" አለ። ጀርባው እዚያው ነበር፣ የላቡም ክብ። ከዚህ ቀን ሌላ ምን ትፈልግ ነበር? ነርሷን ቀብሮ ዝም ማለት ይቻላል። ማንም አይጠይቅም። መቃብሯ የት ነው የሚል የለም። እንዲህ እያሰበች ወንዙ ዳር ደረሱ። ጠጠሩ ላይ እንደገቡ የወንድሟ ቀጭን ጎማ ወዲያና ወዲህ ይንሸራተት ጀመር። አንዴ ሊወድቅ ሲል እግሩን ተከለ፣ ሌላ ጊዜ ጎማው አሸዋ ውስጥ ሰመጠ። እየተሳደበ ወረደና መግፋት ጀመረ። እሷ አልፋው ሄዳ ነበር፤ ዞር ብላ አየችው፣ ወረደችና ጠበቀችው። ጎን ለጎን እየገፉ ሄዱ።

"ማሙሽ፣ ነርሷ አልሞተችም።"

ቆመ። "ምን?"

"ኖራም አታውቅም። እኔ ነኝ የፈጠርኳት።"

"እኔ እኮ ነፍስ ይማር አልኩላት" አለ። ከዚያ ሊስቅ ሞከረና አልሆነለትም። "ሚስቴ ስለሷ እየተጨነቀች ጓንት ስትፈልግ ሱቅ ለሱቅ ዞራለች። ለምንድን ነው እታለም?"

"'ብቻሽን ነሽ?' ስትለኝ ድምፅህ ይሰበር ነበር። ሻንጣህን ይዘህ ትመለሳለህ ብዬ ፈራሁ። ሰው እንዳለኝ ከሰማህ ትረጋጋለህ አልኩ።"

ወንድሟ ብስክሌቱን ዛፍ ላይ አስደገፈና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እሷን ሳያይ ተናገረ። "ተረጋጋሁ። ሰው አለሽ ብዬ እኮ ነው ስልኩን ማሳጠር የጀመርኩት። ከነርሷ ጋር የምትጨዋወቺውን ጊዜ ልሻማ አልፈለግኩም። አንዳንድ እሁድማ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ስለሷ ስታወሪ ደስታሽን ስሰማ፣ እኔ ሳልኖር ይሻላታል ማለት ነው እል ነበር። ከፍቶኝ ስልኩን እዘጋ ነበር።"

መጋረጃ ሰፊዋ አጠገቡ ተቀመጠች። ያን ሁሉ ወር ያቀለለችለት መስሏት እያከበደችበት ነበር፤ እሷም ብቸኝነቷን በገዛ እጇ፣ በጥሩ ስፌት፣ ሁለት እጥፍ አድርጋው ነበር። ወንዙን እያዩ ተቀመጡ። አንድ ዳክዬ ጭንቅላቷን ውሃ ውስጥ እየነከረች ታወጣ ነበር።

"አሁን ብቻሽን ነሽ ማለት ነው" አለ።

"ብቻዬን ነኝ።"

"ከባድ ነው?"

"እሁድ ከሰዓት ከባድ ነው። ሌላው ቀን ሥራ አለ።"

ጭንቅላቱን ነቀነቀ። "ልመለስ" አላለም፤ እሷም እንዲል አልፈለገችም፤ ሁለቱም ያውቁታል። ሃያ ስምንቱን ያስመረጣትም ነርሷ ሳትሆን አንድ ጎሚስታ እንደሆነ ነገረችው። ጥቂት ቆይቶ ተነሳና "እስቲ ያንቺን ጋሪ ልሞክረው" አለ። ኮርቻው አጥሮበት ጉልበቱ አፍንጫውን ሊነካ ምንም አልቀረው፤ እንደ ሰርከስ ድብ እየተወዛወዘ ጠጠሩ ላይ ሄዶ ተመለሰ። "ይሄ ሰውዬ፣ ጎሚስታው፣ እውነቱን ነው" አለ። "ግን ለማንም እንዳትነግሪብኝ።" በዚያ ቀን የሳቀችው ያኔ ነው።

ጓንቱን እቤት ሲመለሱ ልትለካው ሞከረች፤ ከአውራ ጣቷ አላለፈም። "መልሰህ ውሰድላት" አለችው።

"ምን ብዬ?"

"እንዳለ ንገራት።"

"ትቆጣለች።"

"ትቆጣ። ስትጨርስ ትደውልልኝ።"

እሁድ ጠዋት ወደ አውቶቡስ ተራ አብራው ሄደች፣ ሁለቱም ብስክሌታቸውን እየገፉ። ረዳቱ የሱን ብስክሌት ሻንጣ ማስቀመጫ ውስጥ አጋድሞ አሰረው። ወንድሟ ደረጃው ላይ ቆሞ ዞር አለና "ጎማሽን እየተጫንሽ እዪው" አላት። መኪናው ሲወጣ በመስኮት እጁን ዘረጋ፤ እሷም ኮርቻዋ ላይ ወጥታ ከጎኑ ትንሽ ነዳች። ዋናው መንገድ ላይ ሲደርስ አውቶቡሱ ፍጥነት ጨመረ፤ እሷ ፍሬን ያዘች።

ሚስቱ እውነትም በሁለተኛው ቀን ደወለች። ተቆጣች፣ አለቀሰች፣ ከዚያ ስለ ራሷ እናት፣ ስለ ተማሪዎቿ፣ ባሏ ሲያንኮራፋ እንዴት እንደሚያስቸግራት ብዙ አወራች። መጋረጃ ሰፊዋ ሻይዋ ቀዘቀዘባት።

ቅዳሜ ሲመጣ መጋረጃ ሰፊዋ እንደገና ብቻዋን ወጣች። ኪዮስኩ ጋ ስትደርስ ሴትዮዋ ከመስኮቷ ብቅ ብላ "ኀዘኑን እንዴት ቻልሽው?" አለቻት። መጋረጃ ሰፊዋ አንድ እግሯን መሬት አስነክታ ቆመች። የሞተ ሰው እንደሌለ ነገረቻት፤ ነገሩ ረጅም ስለሆነ ግን መንገዱ ዳር ቆማ መጨረስ አልቻለችም። ሴትዮዋ በርጩማ አወጣችላት።